የ22.4 ሊትሩ ጉዳይ፦ ኤስቲፒ ሌላ፣ የክፍል ሙቀት ሌላ

ኬሚስትሪ የተማረ ሰው ሌላውን ሁሉ ቢረሳ 22.4ን አይረሳም። አንድ ሞል ጋዝ በኤስቲፒ 22.4 ሊትር ቦታ ይይዛል፤ በቃል የተጠና፣ ፈተና ላይ ስንት ጊዜ የተጻፈ ቁጥር ነው። ጣጣው የሚጀምረው ተማሪው ሁለተኛ መጽሐፍ ሲከፍት ነው። አንዱ 24 ሊትር ይላል፤ ሌላው 24.5። አዲስ የታተመው 22.7 ብሎ ይጽፋል፤ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ደግሞ 24.8 ይጠብቀዋል። የትኛው ነው ትክክል ብሎ ሲጠይቅ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ «ፈተናው የሚፈልገውን ያዝ» የሚል ነው። ይህ መልስ ተማሪውን ለአንድ ቀን ያሻግረው ይሆናል፣ ኬሚስትሪውን ግን ይሰውርበታል።

አምስቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው። እያንዳንዳቸው ግን የተነገሩት በአንድ የተወሰነ ሙቀትና በአንድ የተወሰነ ግፊት ላይ ነው፤ ሙቀቱና ግፊቱ ተቆርጦ ቁጥሩ ብቻውን ሲቀር ነው እርስ በርስ የተጣሉ የሚመስሉት። እዚህ ላይ ደግሞ የአገራችን ተማሪ ከሌላው የበለጠ ማወቅ ያለበት ነገር አለ፤ አዲስ አበባ ላይ በሚገኝ ቤተ ሙከራ ውስጥ ከእነዚህ ከአምስቱ አንዱም አይሠራም። ወደዚያ እንመጣለን።

መነሻው የጋዝ ጠባይ ነው። አንድ ሊትር ውሃ ጠዋትም ቀትርም፣ ቆላም ደጋም ቢወሰድ ያው አንድ ሊትር ያህል ነው፤ ለውጡ ለዓይን አይታይም። ጋዝ እንዲህ አይደለም። ሞለኪውሎቹ እርስ በርሳቸው ተራርቀው በየአቅጣጫው የሚወረወሩ ናቸውና ሲሞቁ የበለጠ ይፈጥናሉ፣ የያዛቸው ነገር ከለቀቀላቸውም ሰፊ ቦታ ይይዛሉ። ከውጭ የሚጫናቸው ግፊት ሲጨምር ደግሞ ይጠጋጋሉ። እንግሊዝ አገር ይሠራ የነበረው ሮበርት ቦይል እ.ኤ.አ. በ1662 እንዳሳተመው፣ ሙቀቱ ሳይለወጥ ግፊቱ እጥፍ ከሆነ የጋዙ ይዘት ግማሽ ይሆናል። ፈረንሳዊው ጌይሉሳክ በ1802 እንዳሳየው ደግሞ ግፊቱ ሳይለወጥ ጋዝ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ የሚጨምረው ይዘት፣ በዜሮ ዲግሪ የነበረው ይዘት ወደ 273 ቢከፈል አንዱን እጅ ያህል ነው። በ1811 ጣሊያናዊው አማዴኦ አቮጋድሮ ታላቁን ሐሳብ አመጣ፤ ሁለት የተለያዩ ጋዞች በእኩል ሙቀትና በእኩል ግፊት እኩል ቦታ ከያዙ፣ በውስጣቸው ያለው የሞለኪውል ቁጥርም እኩል ነው።

«በእኩል ሙቀትና በእኩል ግፊት» የምትለዋን ሐረግ ልብ በሉ። የጋዝ ኬሚስትሪ በሙሉ የቆመው በእሷ ላይ ነው። እሷ ከሌለች አንድ ሊትር ጋዝ ስንት ሞለኪውል እንደያዘ ማንም ሊናገር አይችልም። ስለዚህ ኬሚስቶች አንድ ነገር ማድረግ ነበረባቸው፤ ፓሪስ የተለካ ጋዝ ለንደን ከተለካው ጋር የሚነጻጸርበትን አንድ ሙቀትና አንድ ግፊት በስምምነት መቁረጥ። መደበኛ ሙቀትና ግፊት፣ በተለመደው አጠራር ኤስቲፒ፣ የተወለደው ከዚህ ፍላጎት ነው። ዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስና አንድ አትሞስፌር።

ታዲያ ማንም ተመችቶት የማይሠራበት ዜሮ ዲግሪ ለምን ተመረጠ? በበረዶ ምክንያት ነው። በዚያ ዘመን በሁለት እጅ የተሠሩ ሁለት ቴርሞሜትሮች ተስማምተው ማንበባቸው እርግጠኛ ነገር አልነበረም። የአንዱ 20 ዲግሪ ከሌላው 20 ዲግሪ ሊለይ ይችላል። ደቅቆ ከንጹህ ውሃ ጋር የተደባለቀ በረዶ ግን በረዶውና ውሃው አብረው እስካሉ ድረስ የትም አገር ቢሆን ዜሮ ላይ ይቆማል። ከውጭ ሙቀት ቢገባበት በረዶው ይቀልጣል እንጂ ድብልቁ አይሞቅም። የአየር ግፊትም ያን ያህል አያናውጠውም፤ ግፊቱ በአንድ ሙሉ አትሞስፌር ቢጨምር የበረዶ መቅለጫ ሙቀት የሚወርደው ከአንድ መቶኛ ዲግሪ ባነሰ ነው። ውሃ የሚፈላበት ሙቀት እንዲህ ጽኑ አይደለም፤ ከአየሩ ግፊት ጋር ከፍ ዝቅ እንደሚል ስዊድናዊው አንደርስ ሴልሺየስ ራሱ በ1742 መለኪያውን ሲያቀርብ ያውቀው ነበር። ስለዚህ አንድ ተመራማሪ የመስታወት ዕቃውን በበረዶ ውስጥ ቀብሮ ቢጠብቅ፣ ቴርሞሜትሩን ሳያምን እንኳ ሙቀቱን በእርግጠኝነት ያውቃል። ፈረንሳዊው ቪክቶር ሬኞ በ1840ዎቹ የጋዞችን ክብደት በዚህ መንገድ ነበር የለካው፤ ክብ የመስታወት ዕቃ፣ ዙሪያው በረዶ፣ አጠገቡ ግፊት መለኪያ።

የዚህ ስምምነት ዋጋ ቁልጭ ብሎ የታየው ከሬኞ በኋላ ነው፤ ታሪኩም ስለሚገባው ትንሽ ልቆይበት። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሎርድ ሬይሊ የናይትሮጂንን ክብደት በጥንቃቄ ሊለካ ተነሣ። ናይትሮጂኑን ያገኘው በሁለት መንገድ ነው። በአንደኛው ከአየር ኦክስጅኑን፣ እርጥበቱንና ካርቦን ዳይኦክሳይዱን አስወግዶ የቀረውን ወሰደ። በሁለተኛው ደግሞ እንደ አሞኒያ ካሉ ናይትሮጂን ካላቸው ውህዶች አወጣው። ሁለቱንም በዚያው አንድ የመስታወት ዕቃ፣ በበረዶ ዜሮ ዲግሪና በአንድ ዓይነት ግፊት ሞልቶ መዘነ። ከአየር የተገኘው ወደ 2.310 ግራም ሆነ፤ ከውህዶቹ የተገኘው ወደ 2.299 ግራም። ልዩነቱ 11 ሚሊግራም ያህል፣ ግማሽ በመቶ እንኳ የማይሞላ ነው። ሬይሊ ግን አልተወውም። በ1892 ኔቸር ለተባለው መጽሔት ደብዳቤ ጽፎ ኬሚስት አንባቢዎች ምክንያቱን የሚያውቁ ከሆነ እንዲነግሩት ጠየቀ። ልኬቱን እየደጋገመ ቢያጠራውም ልዩነቱ አልጠፋም። በ1894 እሱና ዊልያም ራምሴ መልሱን አገኙት፤ ከአየር የተወሰደው «ናይትሮጂን» ንጹህ ናይትሮጂን አልነበረም፣ በውስጡ ከማንም ጋር የማይዋሐድ፣ እስከዚያ ቀን ማንም የማያውቀው ከባድ ጋዝ ነበረበት። አርጎን ነው። ከምንተነፍሰው አየር ወደ 0.93 በመቶ የሚሆነው ይህ ጋዝ በዓለም ሁሉ ሳንባ ሲገባና ሲወጣ ኖሮ የታወቀው ያን ጊዜ ነው። በ1904 ሬይሊ የፊዚክስ፣ ራምሴ የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

አሁን ሒሳቡን እዩ። ጋዝ በግማሽ በመቶ ክብደቱን እንዲቀንስ ሙቀቱ ከአንድ ዲግሪ ትንሽ በለጥ ብሎ ቢጨምር ይበቃል። ሬይሊ አንዱን ጋዝ ጠዋት በቀዘቀዘ ክፍል፣ ሌላውን ከሰዓት በኋላ በሞቀ ክፍል «በክፍል ሙቀት» ለክቶ ቢሆን ኖሮ፣ አርጎንን ሙሉ በሙሉ የሚደብቅ ስሕተት ሳይታወቀው ይሠራ ነበር። በረዶው ነው ያወጣው።

ግፊቱን በተመለከተ ታሪኩ ከሜርኩሪ ይጀምራል። ኢቫንጄሊስታ ቶሪቼሊ በ1643 በሜርኩሪ የተሞላ ቱቦ ገልብጦ በሜርኩሪ ሳህን ውስጥ ሲያቆመው፣ ሜርኩሪው 76 ሴንቲሜትር ያህል ከፍታ ላይ ቆመ፤ የያዘው ከውጭ የሚጫነው አየር ነው። በ1648 የብሌዝ ፓስካል የእህት ባል የሆነው ፍሎሬን ፔሪዬ በፓስካል ጥያቄ ፒዩይ ደ ዶም የተባለውን የፈረንሳይ ተራራ በሜርኩሪና በቱቦ ወጣ። ጫፉ ላይ ሜርኩሪው ከግርጌው ይልቅ ከ8 ሴንቲሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ከፍ ባለ ቦታ ላይ ከላይ የሚጫነው አየር አነስተኛ ነው ማለት ነው። በባሕር ወለል አካባቢ የተለመደው የ760 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ግፊት አንድ አትሞስፌር ተባለ፤ በ1954ም ዓለም አቀፉ የመለኪያዎችና ሚዛኖች ጉባኤ በልኩ 101,325 ፓስካል ነው ብሎ ወሰነ። 22.4 ሊትር፣ ይበልጥ በጠራ አነጋገር 22.414፣ የዚህ ግፊትና የዜሮ ዲግሪ ውጤት ነው።

ከዚያ 1982 መጣ። በአጭሩ አይዩፓክ የሚባለው ዓለም አቀፍ የኬሚስትሪ ኅብረት መደበኛውን ግፊት ከ101,325 ወደ ድፍኑ 100,000 ፓስካል፣ ማለትም ወደ 1 ባር፣ አወረደው። ድፍን ቁጥር ለስሌት ይቀልላል፤ የዓለም አቀፉን የመለኪያ ሥርዓትም ይከተላል። ግፊቱ በትንሹ ስለቀነሰ ጋዙ በትንሹ ሰፋ፤ 22.414 የነበረው 22.711 ሊትር ሆነ። ልዩነቱ አንድ ነጥብ ሦስት በመቶ ነው። በጣም ብዙ የመማሪያ መጻሕፍትና መምህራን ግን በአሮጌው ቀሩ፤ እስከ ዛሬም 22.4 የሚያስተምረው ብዙ ነው። በኔ አስተያየት ይህ ኃጢአት አይደለም፤ ግፊቱ «አንድ አትሞስፌር» ተብሎ እስከተጻፈ ድረስ 22.4 ሁልጊዜ እውነት ነው። ጥፋቱ «በኤስቲፒ» ብሎ ዝም ማለት ነው፤ አንባቢው የ1982ቱን ይሁን የበፊቱን ማወቂያ የለውምና።

የክፍል ሙቀት የሚባለው እንዲህ የተቆረጠ ነገር አይደለም። ሰው ያለ ካፖርትና ያለ ማራገቢያ ተመችቶት የሚቀመጥበት ሙቀት ነው፤ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ያለው ሁሉ የክፍል ሙቀት ሲባል ትሰማላችሁ። አንድ የምርምር ጽሑፍ «ድብልቁ በክፍል ሙቀት ለሁለት ሰዓት ተማሰለ» ሲል የሚነግራችሁ ከስሩ እሳትም፣ ዙሪያውን በረዶም እንዳልነበረ ብቻ ነው። ለስሌት ሲፈለግ ግን ቁጥር የግድ ይላል። የእንግሊዝን ሥርዓተ ትምህርት የሚከተሉ ትምህርት ቤቶች 20 ዲግሪና አንድ አትሞስፌር ወስደው 24 ሊትር ይላሉ፤ ጥሩው ቁጥር 24.06 ነው። 25 ዲግሪና አንድ አትሞስፌር የሚወስዱት ደግሞ 24.5 ይላሉ። 25 ዲግሪን ከአንድ ባር ጋር የሚያጣምሩት 24.8 ያገኛሉ። መግቢያው ላይ የተጣሉ ይመስሉ የነበሩት አምስት ቁጥሮች እነሆ ሁሉም ቤታቸውን አገኙ።

ከዚህ የሚከፋ ሌላ ግራ መጋባት አለ፤ ጎበዝ ተማሪዎችን ሳይቀር ይጥላል። በቴርሞዳይናሚክስና በኤሌክትሮኬሚስትሪ ሠንጠረዦች ላይ፣ ከፊደሉ በላይ ትንሽ ክብ ምልክት ተደርጋ «መደበኛ» የሚባል ዋጋ ይሰጣል። ተማሪው «መደበኛ» የሚለውን ሲያይ ኤስቲፒ ይመስለውና 273 ኬልቪን ስሌቱ ውስጥ ይከታል። ሠንጠረዡ ግን በአብዛኛው የተዘጋጀው ለ25 ዲግሪ፣ ለ298.15 ኬልቪን ነው። ከሃይድሮጂንና ከኦክስጅን አንድ ሞል ፈሳሽ ውሃ ሲሠራ የሚለቀቀው ወደ 286 ኪሎጁል የ25 ዲግሪ ዋጋ ነው። የዚንክና የመዳብ ሴል 1.10 ቮልት የሚሰጠውም እንዲሁ። እንዲያውም በትክክል ሲነገር የዚያች ክብ ምልክት ትርጉም የሚወስነው ግፊቱን፣ የንጥረ ነገሩን ንጽህናና የሙሙቱን ጥንካሬ ነው፤ ሙቀቱ ሁልጊዜ ለብቻው መጻፍ አለበት። የጋዝ ይዘት ሲመጣ ኤስቲፒ፣ የኃይልና የቮልት ሠንጠረዥ ሲመጣ 25 ዲግሪ፤ ሁለቱን አንድ ላይ መጨፍለቅ ብዙ ነጥብ አስከፍሏል።

የ25 ዲግሪ ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ ንጥረ ነገሮችን ስንጠይቃቸው ግን ሌላ ይላሉ። ቤንዚን ብለን መኪና ላይ የምንሞላውን ሳይሆን ስድስት ካርቦን በቀለበት የያዘውን ቤንዚንን ውሰዱ፤ በ5.5 ዲግሪ ይቀልጣል። በክፍል ሙቀት ፈሳሽ ነው፤ በኤስቲፒ ጠጣር። ሃይድሮጂን ፍሎራይድ በ19.5 ዲግሪ ይፈላል፤ በ25 ዲግሪ ጋዝ፣ በዜሮ ፈሳሽ ነው፣ በ19 ዲግሪ ክፍል ውስጥም ፈሳሽ ነው። ጋሊየም የተባለው ብረታ ብረት በ29.8 ዲግሪ ስለሚቀልጥ አዲስ አበባ ጠረጴዛ ላይ ጠጣር የሆነው፣ በበጋ ቀትር ድሬዳዋ ላይ ፈሳሽ ሆኖ ይገኛል። ለቤተ ሙከራ ሠራተኛ በጣም የሚቀርበው ግን ንጹህ አሴቲክ አሲድ ነው፤ ሆምጣጤን የሚያኮመጥጠው፣ ውሃ ያልገባበት። የሚቀልጠው በ16.6 ዲግሪ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ማሞቂያ የሌለው የደጋ ቤተ ሙከራ ከዚያ በታች ሊወርድ ስለሚችል፣ ትናንት ፈሳሽ የነበረው አሲድ ጠርሙሱ ውስጥ ረግቶ ሊገኝ ይችላል። ተበላሸ ብሎ መድፋት አያስፈልግም፤ ጠርሙሱን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ማቆም ነው።

ንጹህ ውሃ ፒኤቹ 7 ነው የሚባለውም ያለ ሙቀት አይቆምም። 7 የ25 ዲግሪ ቁጥር ነው። በዜሮ ዲግሪ ንጹህ ውሃ ወደ 7.5፣ በሰውነታችን ሙቀት በ37 ዲግሪ ደግሞ ወደ 6.8 ይጠጋል፤ በሁሉም ግን ገለልተኛ ነው፤ አሲድም ቤዝም አልሆነም።

ወደ አገራችን ቤተ ሙከራ እንምጣ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየር ግፊቷ ወደ 77 ኪሎፓስካል ነው። የቶሪቼሊ ሜርኩሪ እዚህ ቢቆም ከፍታው 76 ሳይሆን ወደ 58 ሴንቲሜትር ይሆናል። ይህ ግፊት ከኤስቲፒ አንድ አትሞስፌር ሩብ ያህል የቀነሰ ነው። በ20 ዲግሪ አንድ ሞል ጋዝ አዲስ አበባ ላይ የሚይዘው ቦታ ሲሰላ 31.7 ሊትር ገደማ ይመጣል። 22.4 አይደለም፣ 24ም አይደለም።

በቁጥር ብቻ እንዳይቀር አንድ የታወቀ የትምህርት ቤት ሙከራ እንሥራ። 0.0486 ግራም የማግኒዚየም ሪባን እንመዝናለን፤ ይህ 0.002 ሞል ነው። የተረፈ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ ይገባል፤ ይንተከተካል፤ የሚወጣው ሃይድሮጂን በውሃ ተሞልቶ በተገለበጠ መለኪያ ቱቦ ውስጥ ይሰበሰባል። አንድ ሞል ማግኒዚየም አንድ ሞል ሃይድሮጂን ስለሚሰጥ የሚጠበቀው 0.002 ሞል ሃይድሮጂን ነው፤ በኤስቲፒ 44.8 ሚሊሊትር። ተማሪው ቱቦውን ሲያነብ ግን 65 ሚሊሊትር ገደማ ያገኛል። ያንን ለ22,400 ሲያካፍለው 0.0029 ሞል ይወጣለታል፤ ካስገባው ማግኒዚየም ግማሽ ያህል የበለጠ ከየት መጣ? ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ሚዛኑን ይጠረጥራል፣ አሲዱን ይጠረጥራል፣ ራሱን ይጠረጥራል፤ አንዳንዱም ቁጥሩን ወደ 45 «አስተካክሎ» ያስረክባል። ይህ የመጨረሻው ነው እኔን የሚያሳዝነኝ። በትክክል ያነበበ ልጅ፣ ትክክለኛ ንባቡን ሰርዞ የመጽሐፍ ቁጥር እንዲጽፍ ተገደደ ማለት ነው።

ትክክለኛው አሠራር ይኸው። መጀመሪያ ቱቦውን ከፍ ዝቅ አድርጎ በውስጡና በውጭው ያለውን ውሃ እኩል ማድረግ፤ ያን ጊዜ በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ከክፍሉ አየር ጋር እኩል ይሆናል፣ 77 ኪሎፓስካል። ቱቦው ውስጥ ግን ሃይድሮጂን ብቻውን አይደለም፤ በ20 ዲግሪ የውሃ እንፋሎት 2.3 ኪሎፓስካል ድርሻ አለው። ያ ሲቀነስ ለሃይድሮጂኑ 74.7 ይቀራል። አሁን ወደ ኤስቲፒ እንመልሰዋለን፤ 65.3 ሚሊሊትርን በ74.7 አባዝቶ ለ101.3 ማካፈል፣ ከዚያም በ273 አባዝቶ ለ293 ማካፈል። ውጤቱ 44.8 ሚሊሊትር ገደማ ነው። ማግኒዚየሙም፣ አሲዱም፣ ልጁም ትክክል ነበሩ። በሙቀቱ ስሌት ውስጥ የገቡት 273 እና 293 የኬልቪን ቁጥሮች መሆናቸውን ልብ ይሏል፤ በሴልሺየስ 20 እና ዜሮ ብሎ የሚያካፍል ሰው የትም አይደርስም።

የኢትዮጵያ መልክዓ ምድር ለዚህ ትምህርት የተሰጠ ያህል ነው። ዳሎል ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ ግፊቷ ከአንድ አትሞስፌር ጥቂት ይበልጣል፤ በ35 ዲግሪ እዚያ አንድ ሞል ጋዝ ወደ 25 ሊትር ይይዛል። ራስ ዳሸን ጫፍ ላይ በ5 ዲግሪ ወደ 40 ሊትር ይሆናል። አንድ አገር ውስጥ፣ ያው የሞለኪውል ብዛት! ምግብ የሚያበስል ሰውም ቢሆን ሳያውቀው ይኖርበታል፤ አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ100 ሳይሆን በ92 እና በ93 ዲግሪ መካከል ነው የሚፈላው፤ ባቄላና ሽምብራ ደጋ ላይ ቶሎ አልበስል የሚሉትም አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ከኬሚስትሪ ውጭ ያሉ ሙያዎችም የየራሳቸው «መደበኛ» አላቸው፤ አይመሳሰልም። የአቪዬሽኑ መደበኛ አየር በባሕር ወለል 15 ዲግሪና አንድ አትሞስፌር ሆኖ፣ በየኪሎሜትሩ 6.5 ዲግሪ እየቀዘቀዘ ይሄዳል። በዚህ ስሌት ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ባለበት ከፍታ መደበኛው ሙቀት ዜሮ ዲግሪ ገደማ መሆን ነበረበት። ቀትር ላይ ግን ከ20 ዲግሪ በላይ ይሆናል። አየሩ ከፍታው ብቻ ከሚያሳሳው በላይ ስለሚሳሳ፣ አውሮፕላኑ ለመነሣት ረዘም ያለ መንደርደሪያ ወይም ቀለል ያለ ጭነት ይፈልጋል። በጋዝ ንግድ ደግሞ «ኖርማል ሜትር ኩብ» የሚባለው ብዙውን ጊዜ ዜሮ ዲግሪ ላይ የተለካ ነው፤ ለተፈጥሮ ጋዝ የወጣው ዓለም አቀፍ መስፈርት ግን 15 ዲግሪን ይወስዳል። በሁለቱ መካከል ከ5 በመቶ በላይ የይዘት ልዩነት አለ። ውል ሲፈረም ይህ ካልተጻፈ ልዩነቱ በገንዘብ ይወጣል። የቤተ ሙከራ መለኪያ ብልቃጦችን አገላብጣችሁ ብታዩ ብዙዎቹ ላይ 20 ዲግሪ ተጽፎ ታገኛላችሁ፤ መስመሩ የተሰመረው ለዚያ ሙቀት ስለሆነ ነው።

የመድኃኒት ነገር ሁላችንንም ይመለከታል። ማሸጊያው ላይ «በክፍል ሙቀት ይቀመጥ» ሲል አምራቹ ያሰበው ክፍል ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ያለውን ሊሆን ይችላል፤ የአሜሪካ የመድኃኒት መስፈርት ቁጥጥር ያለበት የክፍል ሙቀት የሚለው ያንን ነው። ሰመራ ወይም ጋምቤላ በሞቃቱ ወር በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ያለ ክፍል ይህን አያሟላም። «ከ30 ዲግሪ በታች» ብሎ በቁጥር የሚጽፍ ማሸጊያ የተሻለ ነው፤ ቁጥር ካለ ቤት ውስጥ ቀዝቃዛውን ቦታ ፈልጎ ማስቀመጥ ይቻላል። ቁጥር የሌለበትን የመድኃኒት ባለሙያውን መጠየቅ ነው።

ለኬሚስትሪ መምህራን አንድ ልመና አለኝ። ከሰሌዳው ጎን የዕለቱን ሙቀትና ግፊት የሚጻፍባት ትንሽ ቦታ ትኑር። ቴርሞሜትር ርካሽ ነው። ባሮሜትር ከሌለ ብዙ ስልኮች ውስጥ የግፊት ዳሳሽ አለ፤ የሚያነብ መተግበሪያ ብቻ መጫን ነው። ጥንቃቄው አንድ ነው፤ የአየር ሁኔታ ትንበያ ላይ የሚታየውን ግፊት አትውሰዱ። እሱ ወደ ባሕር ወለል ተመልሶ የተሰላ ስለሆነ ለአዲስ አበባም 1,020 ሄክቶፓስካል ገደማ ይላል፤ በክፍላችሁ ያለው እውነተኛው ግፊት ግን 770 ገደማ ነው። ያንን የትንበያ ቁጥር ስሌት ውስጥ የሚያስገባ ተማሪ በ22.4 ከሚያካፍለው ብዙ የተሻለ መልስ አያገኝም።

ተማሪዎች ደግሞ የጋዝ ጥያቄ ሲመጣላችሁ ከቁጥሩ በፊት ሙቀቱንና ግፊቱን ፈልጉ። ጥያቄው «ኤስቲፒ» ብቻ ብሎ ካለፈ፣ መልሳችሁ ጎን የወሰዳችሁትን ጻፉ፤ «ዜሮ ዲግሪ፣ አንድ አትሞስፌር» ወይም «ዜሮ ዲግሪ፣ አንድ ባር»። የሚያርመው መምህር የትኛውን እንደወሰዳችሁ ያያል፤ ሒሳባችሁም ከየት እንደተነሣ ይታወቃል።